የእማማ ስልክ ጎንደር ላይ ሲሰረቅ፣ ውጭ ያላችሁ ልጆች ምን ታደርጋላችሁ?

የእናታችሁ ሲም ካርድ በማን ስም ነው የወጣው?

ውጭ የሚኖር የጎንደር ልጅ ይህን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ያስባል። ከዚያ «በኔ ስም መሰለኝ፣ ከመሄዴ በፊት ያወጣሁላት ነው» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በአክስቱ ልጅ ስም ነው ይላል። የአክስቱ ልጅ አሁን ዱባይ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ግፊያ ውስጥ፣ ፒያሳ ባጃጅ ላይ ሲሳፈሩ፣ ወይ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ሕዝብ ሲተራመስ ስልክ መመንተፍ አዲስ ነገር አይደለም። ቀፎው ይተካል። ሲሙ ግን ዛሬ የቤቱ ቁልፍ ሆኗል። ቴሌብር በእሱ ነው። የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በእሱ ነው። ኢሞና ቴሌግራም በእሱ ነው። የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ መታወቂያው፣ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣውም ወደዚያው ቁጥር ነው። ሌባው ስክሪኑን መክፈት ቢያቅተው እንኳ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ የቴሌብሩን *127# ወይም የንግድ ባንኩን *889# ሲነካ የሚያግደው የሚስጥር ቁጥሩ ብቻ ነው። የሚስጥር ቁጥሩ የት እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በስልኩ ሽፋን ውስጥ፣ በታጠፈች ወረቀት ላይ፣ ከኤቲኤም ካርዱ ጎን።

ስለዚህ «የእማማ ስልክ ተሰረቀ» የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ፣ ቀፎውን ማን ወሰደው ብሎ መጨቃጨቁን ለኋላ ተዉት። መጀመሪያ ሲሙ ይዘጋ። አጭር ቁጥሮች ከውጭ ሲደወሉ ስለሚያስቸግሩ ጎንደር ያለ ሰው ይደውል። የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፣ የሳፋሪኮም 700። ቀጥሎ ቴሌብርን በ127 ማሳገድ። ከዚያ ባንኩ። የንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ የዳሸን ከሆነ 6333። የሌላ ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ያዙት። የኤቲኤም ካርዱም አብሮ ከጠፋ በዚያው ስልክ ይነገር። ሞባይል ባንኪንጉን አዘግቶ ካርዱን መርሳት የተለመደ ነው። ባንኩ ሰዓቱ ከሆነ ከስልኩ ይልቅ ቅርንጫፍ መሄድ ሊፈጥን ይችላል። እናታችሁ መታወቂያ ይዘው ቢቀርቡ ይበቃል።

የሚደውለው ሰው ጥያቄ ይጠየቃል። የባለቤቱ ሙሉ ስም፣ ቁጥሩ፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ እንዲህ ያለ። ጎረቤት የሚሮጠው ባዶ እጁን ከሆነ ዋጋ የለውም። እነዚህ ነገሮች በወረቀት ተጽፈው ቤት ውስጥ ይቀመጡ፣ ፎቶውም እናንተ ጋ ይኑር። የሚስጥር ቁጥር ግን እዚያ ወረቀት ላይ አይግባ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መዝጋቱ ቀላሉ ነው። ያንኑ ቁጥር መልሶ ማውጣት ግን የሲሙ ባለቤት መታወቂያ ይዞ በአካል ሱቁ ድረስ መምጣትን ይጠይቃል። ሲሙ በእናታችሁ ስም ከሆነ ፒያሳ ደርሰው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። በእናንተ ስም ከሆነ ግን ባለቤቱ ያለው ደንቨር ነው፣ ወይ ቴል አቪቭ። ያኔ ያለው አማራጭ ውክልና ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ማዘጋጀት፣ ወረቀቱን መላክ፣ አገር ቤት ማረጋገጥ። ለአንድ ሲም ይህ ሁሉ! ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ ደግሞ ባንኩንም፣ ቴሌብሩንም፣ ፋይዳውንም በአዲሱ ቁጥር ማስቀየር ይመጣል።

እንደኔ እንደኔ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎንደር ስትገቡ ከአዘዞ ኤርፖርት ወጥታችሁ ዘመድ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ቴሌ ሂዱና ሲሙን በስማቸው አዛውሩት። መታወቂያችሁን አትርሱ። ከምታመጡላቸው ሽቶና ጫማ ይልቅ ይህ ይጠቅማቸዋል። ለቤትና ለመሬት ጉዳይ ውክልና የምትሰጡት ሰው ካለም፣ የስልክና የባንክ ጉዳይን በስም ጠቅሶ እንዲጻፍ አድርጉ። «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚለው ቃል መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አያስኬድም።

ሌላው ነገር ኢሞ ነው። ስልኩ ክፍት ሆኖ ከተወሰደ ሌባው የልጆቹን ስም ዝርዝር አገኘ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ «ልጄ አሞኛል፣ በዚህ ቁጥር ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ፎቶው የእናታችሁ ነው፣ ስሙም የእሳቸው። ድምፃቸውን ሳትሰሙ አንድ ብር እንዳትልኩ። ወሬውን ለእህት ወንድሞቻችሁ ወዲያው በትኑት፣ በተለይ ቶሎ ለሚደነግጠው። በእያንዳንዱ ቤት አንድ አለ።

እናታችሁ እስኪስተካከልላቸው ገንዘብ ቢያስፈልጋቸው ወደ ቴሌብሩ አትላኩ። በስማቸው በመታወቂያ የሚወጣ ሐዋላ ላኩ። የባንክ ደብተራቸው ካለም ካርድና ስልክ ባይኖር በአካል ቀርበው ያወጣሉ። ደብተሩን «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ እንዳታስጥሏቸው።

የተሰረቃችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁስ? ለጥምቀት ገብታችሁ፣ ካርዱም ስልኩም በአንድ ኪስ ሄደ እንበል። የውጭ ባንክ ካርድን በመተግበሪያው ማገድ ይቻላል፣ መተግበሪያው ግን ያለው በተሰረቀው ስልክ ላይ ነው። በሌላ ስልክ ልግባ ስትሉ ኮዱ የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ የባንካችሁን የውጭ አገር መደወያ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከካርዱ ጀርባ ያለው ነፃ መስመር ከኢትዮጵያ ላይሰራ ይችላል፣ ካርዱም ከነቁጥሩ ሄዷል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የዴቢት ካርድ መጥፋቱን ባወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ ሕጉ የሚያስከፍላችሁ ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ከዘገያችሁ 500 ሊደርስ ይችላል። «ቨርጂኒያ ስመለስ እነግራቸዋለሁ» አይሰራም።

ፖሊስ ጣቢያ ማመልከቱ ስልኩን አያስመልስ ይሆናል፣ ግን የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁ ወረቀቱን ይጠይቃችኋል። የቀፎውን መለያ ቁጥርም አስቀድማችሁ ያዙ። *#06# ስትነኩ የሚመጣው ነው፣ ካርቶኑ ላይም ተጽፏል።

አይፎን ከሆነ ከሌላ መሣሪያ ወደ አፕል አካውንታችሁ ገብታችሁ የጠፋ ብላችሁ ቆልፉት። ከቀናት በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል፣ አፕል የላከው መስሎ። የይለፍ ቃላችሁን የሚፈልገው ሌባው ነው። ሊንኩን አትጫኑ፣ ስልኩንም ከአካውንታችሁ አታውጡት። ካወጣችሁት እንደ አዲስ ተከፍቶ ይሸጣል።