«ልጄ አይበላልኝም» ለምትሉ የጅማ ወላጆች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን ይዛ ወደምሠራበት የሕፃናት ክፍል መጣች። ወረፋ እየጠበቀች ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማዋለች። በሁለት ጣቷ አፍንጫውን ይዛ፣ ለመተንፈስ አፉን በከፈተ ቁጥር አጥሚት ታንቆረቁርበታለች። አጠገቧ ያሉት እናቶች ደግሞ «በርቺ፣ ሊጨርስልሽ ነው» ይሏታል። ነርስ ሆኜ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ያን ቀን ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

አትጋቱ። እባካችሁ አትጋቱ። ተጋድሞ እያለቀሰ የሚውጥ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ይህ ባይደርስ እንኳ ልጁ ምግብን የሚያውቀው በትግል ይሆናል። ማንኪያ ሲያይ ያለቅሳል፣ እናንተ ትጨነቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀን የባሰ ትይዙታላችሁ። ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይዘጋል፣ ማንኪያውን በእጁ ይገፋል። ይህ የልጁ ንግግር ነው፣ መስማት ያለብን እኛ ነን። የሕፃን ሆድ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚይዘው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው፣ አንድ ኩባያ እንኳ አይሞላም። እናንተ ግን የትልቅ ሰው ሳህን ይዛችሁ «አልጨረሰም» ትላላችሁ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሙያውን ተምሬ፣ ሌላውን እየመከርኩ፣ የመጀመሪያ ልጄ ከጎረቤት ልጅ ከሳችብኝ ብዬ ገንፎ ጋትኳት። እስከ አራት ዓመቷ ድረስ ገንፎ ሲሸታት ከቤት ትወጣ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለታናሽ ወንድሟ ማንኪያውን ራሱን ሰጠሁት። ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰው፣ ግማሹን በላ።

ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ተኩል ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እድገቱ ሲቀንስ ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ እናት ደግሞ «ድሮ ይበላ ነበር፣ ዓይን በላብኝ» ትላለች። ኤለን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፣ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ ብስኩት ይመርጣል፣ እኛ መጠኑን እናስገድዳለን።

ስለ ብስኩት ካነሳን፣ «ይህን ከጨረስክ ብስኩት እሰጥሃለሁ» ማለትም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊን በርች የተባለች የልጆችን አመጋገብ የምታጠና ተመራማሪና ባልደረቦቿ ለልጆች የማያውቁትን የወተት መጠጥ አቀረቡላቸው። በሽልማት የጠጡት ልጆች ከበፊቱ ይልቅ መጠጡን ጠሉት። ልጅ «ሽልማት ካስፈለገው ይህ ነገር መጥፎ መሆን አለበት» ብሎ ያስባል መሰለኝ።

ሁለቴ ሞክሮ «አይወድም» ማለትም አለ። አዲስ ምግብ እስኪለመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ ይችላል። ዛሬ ጎደሬ ቢተፋ በሦስተኛው ቀን ትንሽ አቅርቡለት፣ ካልፈለገ ያለ ጭቅጭቅ አንሱት። እናንተም ፊቱ ብሉት፣ ዓይኑ የእናንተ ሳህን ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳዝነኛል። እናት ሐሙስ ገበያ አቮካዶዋን ሸጣ፣ በዚያው ብር ብስኩትና የታሸገ ጁስ ለልጇ ይዛ ትመለሳለች። አቮካዶ፣ ሙዝና ማንጎ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር! በየመሐሉ ጁስ የጠጣ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ አይርበውም፣ ያኔ መጋቱ ይጀምራል። ሻይ በዳቦም እንዲሁ፣ በተለይ ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆን ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ቡናም ለሕፃን አይሰጥም፣ የጅማ ልጅ ቢሆንም።

ቡና ሲፈላ ፈንዲሻና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ላሉት አትስጡ፣ ያንቃል።

ስልክ ከፍቶ ማብላትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ መጥገቡን አያውቅም።

በጾም ወቅት ደግሞ ዕቃው እንዳይነካካ ብለው ለልጁም እንቁላልና ወተት የሚያቆሙ እናቶች አሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ለእሱ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ስል ግን አለመብላት ሁሉ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ክብደቱ እየወረደ ከሆነ፣ እግሩ ካበጠ፣ ወይም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቤት አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የክንድ ልኬቱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትለካላችኋለች።

ያቺን እናት ቢሮ አስገብቼ አነጋገርኳት። ልጇ ክብደቱ ደህና ነበር። «ሲስተር፣ አማቴ አከሳሽው እያሉኝ እኮ ነው» አለችና አለቀሰች። አማቷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት፣ ማክሰኞ ቀጥሬያቸዋለሁ።