ከሁለት አሮጌ ላንድክሩዘር የቱን ልሽጥ ስትሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ተቀራራቢ አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ የተቸገረ ሰው እኛ ሀገር ብዙ ነው፣ አንዱን ከአባቱ ወርሶ ሌላውን ለስራ ገዝቶ፣ ወይ ትንሽ የቱር ስራ ጀምሮ ሁለቱን ሲያሰራ ቆይቶ አሁን ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ፣ ናፍታው፣ ጎማው ሲደራረብበት አንዱ ይውጣ ብሎ ሚያስብ። በጣም ሚያስቸግረው ጥንድ ደግሞ 80 እና 105 ሚባሉት ሞዴሎች ሲሆኑ ነው ስለዚ እነሱን ይዤ ልጻፍ። 80ው በፈረንጅ ከ1990 እስከ 97 አካባቢ የተሰራው ነው፣ 105ቱ ከ98 በኋላ የመጣው። ምለው ሁለቱም 1ኤችዜድ ሚባለውን 4.2 ሊትር ያለ ቱርቦ ናፍታ ሞተር የያዙትን ነው፣ የሁለቱም የፊት አክስል ወጥ ነው፣ ሁለቱም አራቱም ጎማ ላይ ሞላ ነው ያላቸው ባሌስትራ የለም። ወንድማማቾች ናቸው በቃ፣ ለዛ ነው ሰው በማይረባ ምክንያት አንዱን ሸጦ ኋላ ሚንገበገበው።

የቱን ልሽጥ ብሎ መነሳት

ጥያቄው መሆን ያለበት የቱን ላስቀር ነው። ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ ሚሰራ የቤት መኪና ወደ ሀገር ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚ ዛሬ የሸጣችሁትን አይነት ነገ ከዱባይ አስመጣለሁ ማለት የለም፣ ያለው ገበያ እዚሁ ያለው ነው፣ እሱም በየአመቱ እያረጀ ነው። እንግዲ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ከነዚ ሁለት መኪናዎች ላይ በኋላ በብር ማላገኘው ነገር ምንድነው? ሞተር ይገኛል። ካምቢዮ ይገኛል፣ ዲፈረንሻልም ሶማሌ ተራ ከዞራችሁ ተወዶም ቢሆን ይገኛል። ያልዛገ ቦዲ፣ ያልተበየደ ሻንሲና ንፁህ ሊብሬ ግን ለብቻው ሚሸጥላችሁ ሰው የለም። እኔ በዚ ጉዳይ ላይ አቋሜ ይሄ ነው፣ ብረቱና ወረቀቱ የተሻለውን አስቀሩ፣ ሞተሩ ደከም ያለ እንኳን ቢሆን።

ትናንት የቆመውን በንዴት መሸጥ

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። መኪናው ሞጆ መንገድ ላይ ይቆማል፣ በክሬን ይመጣል፣ ጋራዥ ገብቶ ብዙ ብር ይጠይቃል፣ ባለቤቱ "በቃ ይሄን አውጡልኝ" ይላል። ቆይ ግን፣ የተበላሸው ተሰራ ማለት እኮ ብሩ መኪናው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ክላቹ አዲስ የሆነለትን መኪና ሸጦ እስካሁን ምንም ያልተነካለትን ማስቀረት ማለት ወጪውን ለገዢው ሰጥቶ ቀጣዩን ወጪ ለራስ ማስቀረት ነው። ስለዚ ለሁለቱም ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ስሩ፣ ባለፈው ሁለት ሶስት አመት ምን ተሰራለት፣ በሚቀጥለው ምን ይጠብቀዋል። 1ኤችዜድ ላይ ከሁሉ በፊት ምትጠይቁት ታይሚንግ ቤልቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋ ሚያስኬደው ቀበቶ፣ መቼ ተቀየረ ሚለውን ነው፣ 100 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ላይ መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ ከዛ ወጪው ሌላ ነው። መቼ እንደተቀየረ ሚያውቅ ሰው ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ቀለም አይቶ ሻንሲ አለማየት

እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚከስረው እዚ ነው። 105ቱ ቦዲው አዲስ ሚመስል ነው፣ ዳሽቦርዱም ዘመናዊ ነው፣ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ያምራል፣ አጠገቡ 80ው ሲቆም ያረጀ ይመስላል። ግን መኪናዎቹ የት እንደሰሩ ጠይቁ። ቱሪስት ይዞ ዳሎል ሲመላለስ የነበረ፣ አሳሌ ሀይቅ ጨው ሜዳ ላይ ሲነዳ የኖረ መኪና ከሆነ ጨዉ ከስር ገብቶ ነው ሚበላው፣ ከላይ ምንም አይታይም። በየጉዞው መልስ ከስር በደንብ ካልታጠበ ጨውና ጭቃ ሻንሲው ውስጥ ተጠቅጥቆ ከውስጥ ወደ ውጪ ያዝገዋል። ሌላኛው መኪና ባሌና አርሲ ጭቃ ውስጥ ብቻ ከሰራ፣ እድሜው ቢበልጥም ብረቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚ ሁለቱንም ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አውጡና ራሳችሁ ከስር ግቡ፣ ሰው አትላኩ። ከኋላ ጎማ በኋላ ያለውን የሻንሲ ክፍል፣ ሞላው ሚቀመጥበትን ቦታ፣ የመሪው ሳጥን የታሰረበትን አካባቢ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፣ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የዛገው ደፈን ያለ ነው። ብየዳ ካያችሁ ለምን እንደተበየደ ጠይቁ። ከላይ ደግሞ የፊት መስታወቱ ጎማ ስር፣ የኋላ በር የታችኛው ክፍልና በተሳፋሪ እግር ስር ያለው ምንጣፍ ተነስቶ ይታይ። ማግኔት ይዛችሁ በሩንና ፓራፋንጎውን ዳብሱ፣ ማግኔቱ ማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው ያለው። የሻንሲ ቁጥሩንም በዛው እዩት፣ በቀኝ በኩል የፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ላይ ተመትቷል፣ ዝገት በልቶት ማይነበብ ከሆነ በዛው ጣጣ ጀምራችኋል ማለት ነው። ሁለቱ መኪና በሌላ ነገር ቢቀራረቡ እንኳን ይሄ ምርመራ ብቻውን ይወስንላችኋል።

ሞዴሉንና ኪሎሜትሩን ማመን

105ቱ አዲስ ሞዴል ስለሆነ ሞተሩም ትኩስ ነው ማለት አይደለም። በዚ እድሜ ላይ ያለ መኪና ኪሎሜትሩ ምንም አይነግራችሁም፣ የተቀየረ ዳሽቦርድ፣ ቆሞ የነበረ ቆጣሪ፣ ወደኋላ የተመለሰ፣ ሁሉም አለ። ሁለቱንም ጠዋት ሳይነሱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍታ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ቢያጨስ አትደንግጡ፣ ሜዳ ላይም ሚያጨስ ከሆነ ግን ኖዝልና ፓምፕ ይታይ። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ ጭስ እየገፋ ሚተነፍስ ከሆነ ፒስተን ሪንግ ደክሟል። ከዛ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር ሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ፣ ስድስቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ይሁኑ፣ አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ችግሩ እዛ ነው። አንዱ መኪና ላይ በኋላ ቱርቦ ተገጥሞለት ከሆነ ደግሞ ፈጣኑ ስለሆነ ብቻ አታስቀሩት፣ ይሄ ሞተር ያለ ቱርቦ የተሰራ ነው፣ ልኩ ካልተጠበቀ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ በሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለቱም አንድ ናቸው ብሎ ዕቃ ማቀያየር

አንዱን ለመሸጥ ሲወሰን ወዲያው ጥሩ ጥሩውን ወደሚቀረው ማዞር ይጀመራል፣ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ኖዝል ምናምን። እኔ ይሄን አልወደውም። መጀመሪያ ነገር ገዢው መካኒክ ይዞ ነው ሚመጣው፣ የተፈታ ዕቃ ያውቃል፣ ከዛ በኋላ ያልነካችሁትንም ይጠራጠራል። ሁለተኛ፣ በደንብ ይሰራ የነበረውን መኪና ነካክታችሁ ሁለቱንም ችግራቸው ማይታወቅ ታደርጓቸዋላችሁ። ደግሞ ሁሉም አይገጥምም፣ 80ው ቸርኬው ባለ 6 ቡሎን ነው፣ 105ቱ ባለ 5፣ ስለዚ ጥሩ ጎማ ከነቸርኬው አዛውራለሁ ያለ ሰው እዛው ይቆማል። ለየትኛው መኪና የተቀመጠ ትርፍ ዕቃ ቤት ውስጥ እንደበዛ ግን ቁጠሩ፣ እሱ ከምታስቡት በላይ ዋጋ አለው።

ደላላው የጠራውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር

ለምሳሌ 105ቱ ከ80ው በ400 ሺህ ብር በልጦ ይሸጣል እንበል። ሰው እዛ ላይ ይወስናል። ግን ሚቀረው 80 ፍሪሲዮን፣ ጎማና የፊት አክስል ስራ ይፈልጋል፣ ኦይልሲሉ አልቆ የአክስሉ ዘይት ግሪሱ ጋ ተቀላቅሎ እየወጣ ነው፣ ያ ሁሉ ሲደመር ከ400 ሺው ምን ቀረ? ሚወዳደረው ከሽያጩ የመጣው ብር ሲቀነስ ሚቀረውን መኪና ለማስተካከል ሚወጣው ነው። ያን ስራ ሳይሸጥ በፊት ዋጋ አስወጡለት። ሸጣችሁ ብሩን አስቀምጣችሁ ኋላ እንሰራዋለን ካላችሁ የዕቃው ዋጋ ቀድሟችሁ ይሄዳል፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ መለዋወጫ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ሹፌሩን አለመጠየቅ

ባለቤቱ፣ ወንድሙ፣ ደላላው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሀሳብ ይሰጣል፣ መኪናውን አስር አመት የነዳው ጋሼ ግን በር ላይ ቆሟል። "ጋሼ፣ ነገ ኦሞ ሂድ ብልዎት የቱን ይዘው ይሄዳሉ?" ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ለምን እንደሆነም ይነግሯችኋል። የቱ መሪ ይጎትታል፣ የቱ ዳገት ላይ ይሞቃል፣ የቱ ፍሬን ሁለቴ መረገጥ ይፈልጋል፣ ይሄን ከሳቸው በላይ ሚያውቅ የለም። አብሮ ሚታየው ስራው ነው፣ ሚቀረው መኪና ከተማ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ሚያደርስ ከሆነና ክፍለሀገር ሚወጣ ከሆነ መልሱ ሊለያይ ይችላል። የአባቴ መኪና ነው ብላችሁ ማስቀረትም ምክንያት ነው፣ ማንም አይስቅባችሁ፣ ስንት እንደሚያስወጣችሁ ብቻ እወቁት።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ማየት

ገዢ ተገኝቶ ቀብድ ተከፍሎ ከዛ ሊብሬው ሲወጣ ሞተር ቁጥሩ አይገጥምም። ሞተር የተቀየረላቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች ብዙ ናቸው፣ ለውጡ ካልተመዘገበ ስም ማዞር ላይ ትቸገራላችሁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይሸጥም። ዕዳና ዕግድ እንደሌለበት አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ውርስ ከሆነ የወራሾች ወረቀት ይለቅ፣ ያገባ ሰው ከሆነ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ይዘጋጅ። የሁለቱንም ሊብሬ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከመኪናው ጋ አመሳክሩ፣ ገና ውሳኔ ላይ ሳትደርሱ።

እና ደግሞ ሽያጩ ሲደርስ በውክልና ብቻ ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ይቅር። ስሙ እስካልዞረ ድረስ ሊብሬው ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ መኪናው ሰው ቢገጭ በህጋችን ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ሚፈለገውም ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ነው። ገዢውን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ፣ ስሙ ይዙር፣ ቁልፉ ከዛ በኋላ ይሰጠው።