ድሬ አዲስ ለገባችሁ ቤተሰቦች

ልጆች ይዛችሁ ድሬዳዋ ከገባችሁ የሽርሽር ሰዓታችሁን ቀይሩ። እኛ በመጀመሪያው ግንቦት እኩለ ቀን ላይ እየወጣን ተቃጠልን። አሁን በግንቦትና በሰኔ የምንወጣው ወይ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት፣ ወይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ጠዋት የከዚራን ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር መዞር ግሩም ነው። ማታ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ትነቃለች።

ሙቀቱ ሲበረታባችሁ ሐረር ውጡ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስታችሁ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋላችሁ። የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ስትጨርሱ አየሩ ሌላ ነው። ለልጆቹ ሹራብ ያዙ! በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ጀጎልን በእግር ዙሩ፣ ሲመሽ ጅብ ሲመገብ አሳዩአቸው። በታኅሣሥ 19 ሰሞን ግን የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ስለሚበዛ በጊዜ ተነሱ።

አንድ ነገር አደራ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ከተማዋን በሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዳይጫወቱ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። የ1998ቱ ጎርፍ ሰው የወሰደው በሌሊት ነው። በእነዚያ ወራት ኳሱም ሩጫውም ግቢ ውስጥ ይሁን።