ትከሻ ሲወልቅ፦ ከመመለሱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ

የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ በትከሻ ላይ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ስፍራ ጥልቀት ስለሌለው፣ መጋጠሚያውን በቦታው የሚያቆዩት በዋናነት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው፤ በቀላሉ የሚወልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ሲሮጥ ተደናቅፎ በተዘረጋ እጁ ላይ የወደቀ ሰው ትከሻው ክብነቱን አጥቶ ጠፍጣፋ ከሆነና ክንዱን ወደ ደረቱ ማምጣት ካቃተው፣ አጥንቱ ወደ ፊት ወልቆ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ወጌሻ ነው። ልማዱን ባከብርም፣ አጥንቱ ከመውለቁ ሌላ መሰበር አለመሰበሩን በመዳሰስ ብቻ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ራጅ ሳይነሳ ማንም ክንዱን እንዲጎትት መፍቀድ አይገባም፤ የተሰበረን መጎተት ነርቭንና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላልና። ይልቁንም ነጠላውን በሰያፍ አጥፎ ክርኑንና የእጁን አንጓ እንዲደግፍ አድርጎ አንገት ላይ ማሰር፣ በክንዱና በጎኑ መካከል የቀረውን ክፍተትም በተጠቀለለ ሹራብ መሙላት ሕመሙን ያቀልላል። በተጨናነቀ ሚኒባስ ከመጋፋት 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይሻላል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከአደባባዩ ሩቅ አይደለም። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪታከሙ ምግብም መጠጥም አይውሰዱ። ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ ወይም የትከሻዎ ውጫዊ ጎን ከደነዘዘ ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አጥንቱ ሲመለስ ሕመሙ ወዲያው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ የተለጠጡት ጅማቶች ግን ገና አልዳኑም። ክንዱ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ታስሮ ይቆያል፤ ጣትን፣ አንጓንና ክርንን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ባለሙያው ሲፈቅድ በጤነኛው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ በማለት፣ የተጎዳውን ክንድ ወደ ታች ለቆ በትንሽ በትንሹ ማዞር ይጀመራል። ጡንቻ የሚያጠነክረው ልምምድ ቀጥሎ የሚመጣ ሲሆን፣ ፊዚዮቴራፒውን በመሃል ማቋረጥ ትልቁ ጥፋት ነው።

እስከዚያው ክንድን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ኋላ ማዞር፣ ለምሳሌ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ዕቃ ለመሳብ መዘርጋት፣ አጥንቱን ዳግመኛ ሊያወጣው ይችላል። ከባድ ሸክምና ግፊያ ያለበት ስፖርት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ይጠብቃሉ፤ ትከሻን አጥብቆ የሚያሠራው እስክስታም ያለ ባለሙያው ፈቃድ አይጀመርም። በወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ መውለቅ የተለመደ በመሆኑ ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል፤ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላም ክንዱን ማንሳት ካቃተው ጅማቱ ተበጥሶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ሊመረመር ይገባል።