አምቡላንሱ ሌሊትም እንዲነሳ፦ የወረዳን ሆስፒታል በመንግሥት መርሐ ግብሮች መደገፍ

በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በበጀት ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ የአካባቢው ሰው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታላችን የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ አድርጎ መረጠኝ። ጉዳዩን ገንዘብ በሚያከፋፍለውም በሚጠይቀውም ወገን ተቀምጬ አይቼዋለሁ። የገጠር ሆስፒታል ገንዘብ የሚያገኝባቸው መንገዶች በየመመሪያው ተጽፈዋል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ወር፣ የራሱ ቅጽ አለው። ወሩ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ሁሉ ልመና ነው፣ ልመና ደግሞ ምጥ የያዛትን እናት አያደርስም። ይህን የምጽፈው ለቦርድ አባላት፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና “ለሆስፒታላችን ምን እናድርግ?” ብለው ለሚጠይቁ የቀበሌ ሽማግሌዎች ነው።

በቅድሚያ ሆስፒታላችሁ ለስንት ሰው እንደቆመ እወቁ። በአገራችን አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። የካርድ ክፍሉ መዝገብ የእያንዳንዱን ታካሚ አድራሻ ይይዛል። አንድ ሩብ ዓመት ወስዳችሁ ስንቱ ከሌላ ወረዳ እንደመጣ ቁጠሩ። ከጎረቤት ወረዳ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ከሆነ፣ ሸክሙን አንድ ወረዳ ብቻውን እንዳይሸከም ለዞኑ ጤና መምሪያ የምታቀርቡት ማስረጃ ይህ ቆጠራ ነው። በቃል “ከየቦታው ይመጣል” ማለት ግን አንድም በጀት አስጨምሮ አያውቅም።

በጀት

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የበጀት ጥሪው የሚመጣው፣ ዕቅዱ የሚዘጋጀው፣ ክርክሩም የሚካሄደው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በግንቦት መጨረሻ የሚነሳ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የተዘጋ ሰነድ ነው። እኔ የምመክረው ጥያቄያችሁን በጥር ጽፋችሁ በየካቲት ቦርዱ እንዲፈርምበት ነው። ወረዳ ከክልሉ ከሚያገኘው ጥቅል ድጎማ ትልቁ ክፍል ለደመወዝ ይውላል። የሚቀረው ሥራ ማስኬጃ ትንሽ ነው፤ ትምህርት፣ ግብርና፣ ውኃና መንገድ ሁሉ ይሻሙበታል። በዚህ ሽሚያ ውስጥ የሚያሸንፈው በስሌት የመጣ ነው።

በወረዳው ሒሳብ ውስጥ እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት የሒሳብ መደብ የሚባል መለያ ቁጥር አለው፤ ነዳጅና ቅባት በሒሳብ መደብ 6217፣ የተሽከርካሪ ጥገና በ6241 ይያዛል። የበጀት ሰነዱን ስታዩ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት መስመሮች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክልና የኃላፊው መኪና ከአምቡላንሱ ጋር በአንድ ድምር ታጭቀው ነው። እንዲነጠሉ ጠይቁ። ካልተነጠሉ ዓመቱ ሲጋመስ ነዳጁ በስብሰባና በመስክ ጉብኝት አልቆ፣ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስሌቱን እንዲህ ሥሩት። አምቡላንሱ በወር 40 ጊዜ ይወጣል፣ ደርሶ መልሱም በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ይህ በወር 2,400 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በእናንተ መንገድ ላይ በአንድ ሊትር 6 ኪሎ ሜትር ከሄደ በወር 400 ሊትር፣ በዓመት 4,800 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዓመት 28,800 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቢቀየር ስድስት ጊዜ ያህል ይሆናል። ጎማውን በእናንተው መዝገብ አስሉ፤ ኮረብታና ጠጠር ያለበት ወረዳ ጎማ እንደ ሜዳ ወረዳ አይቆይም። በመጨረሻ የወቅቱን ዋጋ አባዙበት። ይህን አንድ ገጽ ይዞ የሚገባ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ “አምቡላንስ ነዳጅ ያስፈልገዋል” ብሎ ከሚገባው በእጅጉ ይለያል። ከጠረጴዛው ወዲያ ስቀመጥ በነበረበት ዘመን ቁጥር የሌለውን ጥያቄ መቁረጥ እጅግ ቀላል ነበር። የተሰላውን ለመቁረጥ ግን የቱን ጉዞ እንደምንሰርዝ መናገር ይኖርብን ነበር።

ስሌቱ የሚቆመው በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ጥሪው የመጣበትን ሰዓት፣ መኪናው የተነሳበትን ሰዓት፣ ቀበሌውን፣ ሲወጣና ሲመለስ ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር፣ የታካሚውን ሁኔታ፣ የደረሰበትን ጤና ተቋምና የሾፌሩን ፊርማ መያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ የምመለከተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጥሪው በሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጥቶ መኪናው ዘጠኝ ተኩል ከተነሳ ችግሩ መንገድ ሳይሆን ሾፌር፣ ቁልፍ ወይም ነዳጅ ነው። መፍትሔውም እንዲሁ ይለያያል፤ አንዱ ተረኛ ሾፌር መቅጠር ነው፣ ሌላው ቁልፉ በድንገተኛ ክፍል እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፣ ሌላው ከማደያ ጋር አስቀድሞ ውል መያዝ ነው። “ጥሪ መጥቶ ያልተሄደበት” የሚል ዓምድም አስጨምሩ። በጀት የሚያስጨምረው ከተሄደበት ይልቅ ያልተሄደበት ነው።

ስለ ስልኩም ልናገር፣ ጥቂት ሰው ስለሚያስበው። በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ በቃሉ የያዘው የአምቡላንስ ቁጥር የሾፌሩ የግል ስልክ ነው። ሾፌሩ ሲዛወር ወይም ሲታመም ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፣ ቀበሌው ሁሉ ይቆረጣል። በሆስፒታሉ ወይም በጤና ጽሕፈት ቤቱ ስም ሲም ካርድ አውጡ፤ ስልኩ ከተረኛ ወደ ተረኛ በፊርማ ይተላለፍ፤ ቁጥሩም በየጤና ኬላው በር፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፍ። ቀይ መስቀል ባለበት አካባቢ የማኅበሩ የአምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907ም ከጎኑ ይጻፍ። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው።

ሁለተኛ አምቡላንስ መጠየቅን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ጤና ሚኒስቴር ለወረዳዎች አምቡላንስ ሲያከፋፍል፣ ነዳጁ፣ ሾፌሩና ጥገናው የወረዳው ድርሻ ሆነ። መኪናው መጣ፣ የማስኬጃው ገንዘብ ግን በብዙ ቦታ አልተከተለም። ስለዚህ ያለው መኪና ለአንድ ዓመት ሳይቆም እንዲሠራ የሚያስችል በጀት ሳታስጸድቁ ሌላ አትጠይቁ። ሁለት የቆሙ መኪኖች ከአንድ የቆመ መኪና አይሻሉም። ምጥ የያዛት እናት በአምቡላንስ የምትጓዘው በነፃ መሆኑንም ሕዝቡ ይወቅ፤ ለነዳጅ አምጡ የሚባል ቤተሰብ ካለ ቅሬታው ለቦርዱ ይቅረብ።

የውስጥ ገቢ

ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና ሳያስገቡ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ ሕግ በየክልሉ ወጥቷል። መነሻው በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ይህ ገቢ ከመንግሥት በጀት በላይ የሚጨመር እንጂ የሚቀናነስ አይደለም። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ “ገቢ አላችሁና በጀታችሁን ቀንሰናል” ካላችሁ የክልላችሁን መመሪያ አውጥታችሁ አንብቡለት። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በባንክ ስላለ ብቻ አይወጣም። ቦርዱ ያጸደቀው፣ በበጀትነት የታወጀ የአጠቃቀም ዕቅድ ይፈልጋል። የማውቀው አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኬሚካል አጥቶ ታካሚ ወደ ግል ሲልክ፣ ገንዘቡ በውስጥ ገቢ ሒሳቡ ተኝቶ ዓመቱ አልቋል፤ ምክንያቱ ቦርዱ ለወራት ባለመሰብሰቡ ዕቅዱ ሳይጸድቅ መቅረቱ ነበር። እዚያ ለታከመ ሰው ይህ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። በቦርዱ ውስጥ ካላችሁ የስብሰባውን ቀን እናንተው አስይዙ።

መመሪያው የተፈቀዱና ያልተፈቀዱ ወጪዎች ዝርዝር አለው። መድኃኒት፣ የሕክምና መሣሪያ፣ አነስተኛ ጥገና ከተፈቀዱት ናቸው። ኦዲት ከመምጣቱ በፊት ዝርዝሩን ማንበብ ይጠቅማል።

በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች፣ ማለትም ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና፣ ለሆስፒታሉ ገቢ አያስገቡም። ወጪ ግን አላቸው። አዋላጇ የምታደርገው ጓንት፣ የሚሰፋበት ክር፣ የሚታጠብበት በረኪና ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የወሊዱን ቁጥር ከወጪው ጋር አያይዛችሁ በመንግሥት በጀት ጥያቄው ውስጥ አስገቡት፤ ነፃ ያደረገው መንግሥት ስለሆነ ወጪውንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

ጤና መድን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ዛሬ ለብዙ የገጠር ሆስፒታል ከዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ነው። አባል የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም የሕክምናውን ክፍያ መድኑ ይሸፍንለታል። ምዝገባው ገበሬው እህሉን ከወቃና ከሸጠ በኋላ ቢደረግ መዋጮው ሳያስጨንቅ ይከፈላል፤ በክረምት ግን ቤቱ ባዶ ነው። መክፈል ለማይችሉት ክልልና ወረዳ ድጎማ ይመድባሉ፣ ማን እንደሆኑ የሚለየውም ቀበሌው ነው። በልየታው ስብሰባ ላይ ተገኙ። አቅመ ደካማ መበለት ቀርታ የሊቀ መንበሩ ዘመድ የሚገባበት ዝርዝር መድኑን ያፈርሰዋል።

ሆስፒታሉ ከመድኑ የሚከፈለው ላከመው ሰው የክፍያ ጥያቄ ሲያቀርብ ነው። እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ያንገበግበኛል። ሐኪሙ ያልፈረመበት ማዘዣ፣ የአባልነት ቁጥር የጎደለው ካርድ፣ ያለ ጤና ጣቢያ ሪፈር የመጣ ድንገተኛ ያልሆነ ታካሚ፣ ሁሉም በማጣራት ጊዜ ከክፍያው ይቀነሳል። አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ በየሳምንቱ ወረቀቱን ቢያይ ጉድለቱ ሐኪሙ እዚያው እያለ ይስተካከላል። ሩብ ዓመት ካለፈ በኋላ ሐኪሙም ተዛውሯል፣ ታካሚውም አይገኝም።

አባሉን የሚያርቀው የመድኃኒት እጦት ነው። መዋጮውን ከፍሎ “ከውጭ ግዛ” የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። የመድኃኒት ክፍሉ በየሁለት ወሩ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ የሚልከው ሪፖርትና መጠየቂያ በጊዜው መድረሱን ጠይቁ። ቅርንጫፉ ከሌለው “የለም” የሚል ማረጋገጫ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ከሌላ አቅራቢ ለመግዛት ይህ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሳይያዝ ሲቀር ነው ግዥው ለሳምንታት የሚቆየው።

ክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም መንገድ የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች ካሉ አስቀድማችሁ ለዩአቸው። እዚያ አምቡላንሱ የሚቆምበት ድልድይ ወይም ሜዳ ይወሰን፣ ከቤት እስከዚያ በቃሬዛ የሚያደርሱ ወጣቶች ስም በጤና ኬላው ይኑር። የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ እናቶች ጤና ጣቢያው ባለው የእናቶች ማቆያ ቀደም ብለው ቢገቡ ይሻላል። ማቆያው ብዙ ቦታ የሚዘጋው በምግብ እጦት ነው። ጥቂት ጤፍና ሽሮ ከየቤቱ በመኸር ጊዜ ይሰብሰብ፣ ማገዶው በተራ ይሁን።

ይህን ሁሉ ይዛችሁ የምትቀርቡበት መድረክ አለ። ጤና ሚኒስቴር ያወጣው የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ነዋሪው አገልግሎቱን እንዲመዝን ያደርጋል፤ ከመመዘኛዎቹ መካከል የአምቡላንስ አገልግሎት፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የጥበቃ ጊዜና ንጽሕና ይገኙበታል። ምዘናው ሲካሄድ ቃለ ጉባኤው ላይ “ይሻሻል” ተብሎ ብቻ እንዳይዘጋ። ማን፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው የሒሳብ መደብ የሚለው ይጻፍበት። ከዚያ ከጉዞ መዝገቡ ማጠቃለያና ከነዳጁ ስሌት ጋር አያይዛችሁ፣ የበጀት ክርክሩ ሳይጀመር ለወረዳው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስገቡ፤ ግልባጩን ለዞኑ ጤና መምሪያ ላኩ፣ በራሳችሁ ቅጂ ላይም የገባበትን ቀን የሚያሳይ የመዝገብ ቤት ማኅተም አስመቱ።