የኮሮላዬን ጥግ በፋይበር ግላስ የሞላሁበት መንገድ

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ከኋላ አራት ማዕዘን የቺፑድ የስፒከር ሳጥን ከገባባት ስኮርታ ለማውጣት መጀመሪያ ሳጥኑን ማውረድ ነው፤ የሽንኩርቱ ጆንያም ወንበር ላይ ይቀመጣል። እናቴ ይህን አንዴ ታግሳኛለች፣ ሁለተኛ አትታገስም። ስለዚህ ከግራው ጎማ ጀርባ ባለው ባዶ ጥግ ልክ የስፒከር ሳጥን በፋይበር ግላስ ልሠራ ወሰንኩ። ባለ 10 ኢንቹ ሰብዉፈሬ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) የሚፈልገው 20 ሊትር ዝግ ሳጥን ነው። የእናንተን ልክ አብሮት ከሚመጣው ወረቀት ላይ እዩት።

ምንጣፉን አንስታችሁ ጥጉን በወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ሸፍኑ። በላዩ የአሉሚኒየም ፎይል፣ በፎይሉ ላይ ቫዝሊን። ከጥጉ ሁለት ስንዝር አልፋችሁ ሸፍኑ፤ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) የሚንጠባጠበው ሁልጊዜ ያልተሸፈነው ቦታ ላይ ነው።

ማቱን፣ ማለትም የመስታወት ክር ጨርቁን (እኔ የተጠቀምኩት በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነውን ነው) መዳፍ በሚያክል መጠን በእጅ ቅደዱት እንጂ በመቀስ አትቁረጡት። የተቀደደ ጠርዝ ከጎኑ ካለው ጋር ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን መስመር ይሠራል። ሬዚኑን በብሩሽ ጠቅጥቁት። ነጩ ማት ዘይት እንደነካው ወረቀት ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ጠግቧል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሬዚን መጨመር ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም፤ ጥንካሬው ያለው ክሩ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሃርድነሩ፣ ሬዚኑ እንዲደርቅ ወደሚቀላቀለው ፈሳሽ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት በሐምሌ ነበር። ዝናቡም ብርዱም ተደምሮ ሬዚኑ ለሁለት ቀን እንደ ማር ተጣብቆ ቀረ። ተናድጄ በሚቀጥለው ጆግ ላይ ሃርድነሩን በግምት ሦስት እጥፍ አደረግሁት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጆጉ ጨሰ፣ ቂጡ ቀለጠ፣ ግማሽ ሊትር ሬዚን ሲሚንቶው ላይ ድንጋይ ሆነ። አሁን ከፋርማሲ በገዛሁት ሲሪንጅ እለካለሁ፦ ለግማሽ ሊትር ሬዚን ከ7 እስከ 8 ሲሲ፣ ሲበርድ ቢበዛ 10። ከግማሽ ሊትር በላይ በአንድ ጊዜ አልበጠብጥም፤ ብዛቱ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ከቻላችሁ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳርን ጠብቁ፣ እኩለ ቀን ላይ ሥሩ።

ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽር ጠርሙሱን አትክፈቱ። ለአቧራ የሚደረገው ማስክ ሽታውን አያግደውም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለውን ፈልጉ፣ የመኪናውንም በሮች በሙሉ ክፈቱ። የሚያሳክከውን ብናኝ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡት።

ሁለት ንብርብር መኪናው ውስጥ ከደረቀ በኋላ ቅርፁን ፈልቅቃችሁ አውጡና ውጭ ላይ አራት ጨምሩ። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ለስፒከሩ ከ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቀለበት በጂግሶ መጋዝ ቁረጡ፣ በእንጨት እግሮች ወደ ፈለጋችሁት አቅጣጫ አቁሙት። ፊቱን የምትሸፍኑት በሚለጠጥ ፍሊስ ጨርቅ ነው። እኔ ከሰልባጅ ተራ ትልቅ የፍሊስ ሹራብ ገዝቼ ጀርባውን ቀደድኩት። ከበሮ እስኪመስል ወጥራችሁ በስቴፕለር ምቱት፣ ሬዚን አጠጡት፤ ሲደርቅ በላዩ ሦስት ንብርብር ማት። ከዚያ ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም።

መጠኑን የለካሁት በበቆሎ ነው። ውስጡን በላስቲክ ሸፍኜ በአንድ ሊትር ጆግ እየቆጠርኩ በስፒከሩ ቀዳዳ ሞላሁት፦ 24 ጆግ ገባ። ስፒከሩ ራሱ 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የተረፈውን ቦታ ውስጡ በማስቲሽና በቪቴ ባሰርኳቸው የእንጨት ቁራጮች ሞላሁ። በቆሎውን እናቴ መልሳ ጠየቀችኝ፤ የመስታወት ብናኝ ነክቶት እንደሆነ ስለማላውቅ ደፍቼ ሌላ ገዛሁላት።

ስፒከሩን ካሰራችሁ በኋላ ፊቱን በሁለት መዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ግፉና ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ዝግ ነው። የእኔ ቶሎ ይመለስ ነበር፤ አየሩ የሚያመልጠው ሽቦው በሚወጣበት ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ፣ በሲሊኮን ደፈንኩት።