ልጃችሁ ስለ ቦስተኑ ሻይ ሲጠይቃችሁ

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ «የቦስተን ሰዎች ሻይ ባሕር ውስጥ የጣሉት ለምንድን ነው?» የሚል የቤት ሥራ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በሻይ አትጀምሩ። በሞላሰስ ጀምሩ።

ሞላሰስ ከሸንኮራ ስኳሩ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው። የኒው ኢንግላንድ (ቦስተን ያለችበት፣ ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረ የአሜሪካ ክፍል) ሰዎች ሩም የሚባለውን መጠጥ የሚያወጡት ከእሱ ነበር፣ ርካሹን የሚያገኙት ደግሞ ካሪቢያን ካሉት የፈረንሳይ ደሴቶች ነበር። እንግሊዝ በ1733 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በውጭ አገር ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ጣለች። አሁን ልጁን ጠይቁት፦ «ነጋዴ ብትሆን ትከፍላለህ ወይስ ለጉምሩኩ ሰውዬ ትንሽ ነገር አቅምሰህ ዕቃህን ታሳልፋለህ?» መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ብዙዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ 1764ን አንሱ። ቀረጡ ወደ 3 ፔንስ ወረደ፣ ቁጣው ግን ባሰ። ለምን? አሁን የምር ሊሰበሰብ ነዋ፤ የባሕር ኃይል መርከብ ሳይቀር ኮንትሮባንድ ጠባቂ ሆነ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ አዋቂም ግራ የሚጋባበት ቦታ ነው።

ሻዩን መጨረሻ ላይ አምጡት። የ1773ቱ ሕግ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያን (የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ነው) ሻይ ርካሽ አደረገው እንጂ አላስወደደውም! በአንድ ፓውንድ ክብደት 3 ፔንስ የነበረችው የቆየች ቀረጥ ግን አልተነሳችም። ስለዚህ የሆላንድ ሻይ በድብቅ የሚያስገቡት ገበያቸው ሊዘጋ ሆነ፣ ሌላው ሕዝብ ደግሞ «ያልመረጥነው ፓርላማ ቀረጥ አይጥልብንም» አለ። ዲሴምበር 16 ማታ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ገባ።